40 በመቶው ደን ከየት መጣ?

ስለ ኢትዮጵያ ደን የተጻፈ ነገር ገልጣችሁ ካያችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር አታጡም። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ከአገሪቱ መሬት 40 በመቶው በደን ተሸፍኖ ነበር፤ አሁን የቀረው 3 በመቶ ቢሆን ነው። ትምህርት ቤት ተምረነዋል። በሬዲዮ ሰምተነዋል። በፕሮፖዛል መግቢያ፣ በመመረቂያ ጽሑፍ፣ በስብሰባ መክፈቻ ንግግር ውስጥ አለ።

እንጀራዬ ለውሳኔ የሚቀርቡ የአካባቢ ጥናቶችን አንብቦ አስተያየት መስጠት ነው። አንድን ጥናት ጥሩ ወይም መጥፎ የምንለው በምን መዝነን እንደሆነ ባሰብኩ ቁጥር ይህ የደን ቁጥር ይመጣብኛል። ምክንያቱም የሚጠየቀው ጥያቄ በጣም ቀላል ነው። ማን ለካው?

እስቲ የ40 በመቶው መነሻ ነው የሚባለውን 1900ን አስቡት (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ካልሆነ እናገራለሁ)። የአድዋ ጦርነት ካለቀ ገና አራት ዓመቱ ነው። የአገሪቱ ድንበር በብዙ በኩል አልተካለለም። የራይት ወንድማማቾች አውሮፕላን የበረረው በ1903 ነው፤ አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያየችው ደግሞ በ1929። መሬትን ከሕዋ ፎቶ የሚያነሣው ላንድሳት የመጠቀው በ1972 ነው። ታዲያ በ1900 የኦጋዴንን ሜዳ፣ የአፋርን በረሃ፣ የሰሜንን ተራራና የከፋን ጫካ አንድ ላይ ደምሮ 40 በመቶ ያለው ማን ነው?

ማንም የለም። በ1990ዎቹ ነገሩን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያገኙት ይህንኑ ነው። አንዱ ሰነድ ሌላውን ይጠቅሳል። ያኛውም ከእሱ የቀደመውን ይጠቅሳል። መጨረሻው ድረስ ብትሄዱ ልኬት የሚባል ነገር የለም። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን በ1997 ይህን በሰፊው ጽፎታል። ቁጥሩ ከሰነድ ሰነድ ሲዞር ዘመኑም አብሮት ይንሸራተታል። አሜሪካዊው ፖለቲከኛ አል ጎር በ1992 ሲጽፍ ደኑ ከ40 ወደ 1 በመቶ የወረደው ባለፉት 40 ዓመታት ነው አለ። ይህ እንግዲህ መነሻውን 1950ዎቹ ላይ ያደርገዋል። በ1994 የወጣው የኢትዮጵያ የደን ልማት መርሐ ግብር ሰነድ ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የነበረው 16 በመቶ ነው ይላል። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ሁለቱም ግን ለውሳኔ ቀርበዋል።

መሬቱ ራሱ ምን ይላል? ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ምሁር ወሎ ላይ በ1937 የተነሡ ፎቶዎችን ይዞ ከ60 ዓመት በኋላ እዚያው ቦታዎች ላይ ቆሞ አነጻጸረ። ዛፉ ከቀድሞው በዝቶ አገኘው፤ አብዛኛው በየቤቱ ዙሪያ የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ደግሞ ከዚህም ወደ ኋላ ሄዱ። በ1868 እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ፎቶ አንሺ ይዘው ነበር። እነ ኒሰን ሠራዊቱ ባለፈበት የሰሜን መንገድ ሄደው፣ ካሜራው የቆመበትን ቦታ ፈልገው፣ ከ140 ዓመት በኋላ ያንኑ ተራራ ዳግመኛ አነሡት። በድሮው ፎቶ ላይ ብዙው ኮረብታ ቀድሞውንም ራቁቱን ነው። በአዲሱ ላይ ብዙ ቦታ ዕፅዋቱ ተሽሎታል።

ደን አልጠፋም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በደቡብ ምዕራብ፣ በከፋና በሸካ፣ እንዲሁም በባሌ ሐረና ጫካ የተመነጠረው በዘመናችን፣ ሰው እያየ ነው። እሱ ያንገበግበኛል። የምለው ሌላ ነው። የሰሜኑ ደን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ጠፋ ብላችሁ ካመናችሁ ጥፋተኛው አሁን ያለው ገበሬ ይሆናል። መድኃኒቱም ገበሬውን ከተራራው ማውጣት፣ መሬቱን መከለል፣ ችግኝ ማስተከል ይሆናል። ተራራው ከቴዎድሮስ ዘመን ጀምሮ ራቁቱን ከነበረ ግን ነገሩ የብዙ መቶ ዓመት ታሪክ አለው። ገበሬው ያን መሬት ይዞ እንዴት እንደኖረ መጠየቅ ይኖርባችኋል። ከተለያየ ቁጥር የተለያየ ውሳኔ ይወጣል፤ የሚነካውም የሰው ኑሮ ነው። አለን ሆበን የተባለው አንትሮፖሎጂስት በ1995 የደርግ ዘመንን የአካባቢ ፖሊሲ መርምሮ የጻፈው በዚህ ላይ ነው። ረሃቡ ካመጣው ድንጋጤ ጋር ይህ ትረካ ገባ፣ ለጋሹም መንግሥቱም ተቀበለው፣ ገበሬውን ግን የጠየቀው የለም።

አገራችን ሰው ሊጋባ ሲል ሰባት ቤት ይቆጠራል። ቁጥርም ለውሳኔ ከመዳረጉ በፊት ትውልዱ ይቆጠርለት ነው የምለው። ይህን ሐሳብ በወጉ ያደራጁት ሲልቪዮ ፉንቶዊችና ጄሮም ራቬትዝ የተባሉ ምሁራን ናቸው፤ በ1990። አንድ ቁጥር ለፖሊሲ ሲቀርብ ብቻውን አይቅረብ አሉ። መለኪያው ምንድን ነው? ወደ ላይና ወደ ታች ምን ያህል ሊዋዥቅ ይችላል? የሠራው ሰው ምን ያህል ይተማመንበታል? የመጨረሻውና ዋናው ደግሞ የዘር ሐረጉ ነው። በልኬት ነው የመጣው፣ በሞዴል ነው፣ በባለሙያ ግምት ነው ወይስ እንዲሁ ከአፍ ለአፍ? 40 በመቶን በዚህ ብንጠይቀው ሁለተኛው ቤት ላይ ሳይደርስ ይቆማል።

የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ የሂማላያን ታሪክ ላንሣ። በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ ተመርምሮ ይወጣል የሚባለው ሳይንሳዊ ግምገማ የመንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል (አይፒሲሲ) ሪፖርት ነው። በ2007 በወጣው ሪፖርት በአንዱ ምዕራፍ ውስጥ የሂማላያ የበረዶ ግግር በ2035 ወይም ከዚያም ቀድሞ ሊጠፋ የሚችልበት ዕድል እጅግ ከፍተኛ ነው የሚል ነገር ገባ። ከዚያ በረዶ በሚነሡ ወንዞች የሚኖረው ሕዝብ በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ይህን የሰማ መንግሥት ምን ያድርግ?

ትውልዱን ሲቆጥሩት እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ምዕራፉ የጠቀሰው የአንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅትን የ2005 ሪፖርት ነው። ያ ሪፖርት የተንተራሰው በ1999 በወጣ የሳይንስ መጽሔት ዜና ላይ ነው። ዜናው የተሠራው ከአንድ ሕንዳዊ ተመራማሪ ጋር በተደረገ ቃለ ምልልስ ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ግግሩ ከ500,000 ወደ 100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይቀንሳል ተብሏል። የሂማላያ ግግር በሙሉ ግን ከ35,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ያ ትልቅ ቁጥር ከዋልታዎቹ ውጭ ስላለው የመላው ዓለም በረዶ በ1996 የተጻፈ ነው። እዚያም ላይ ያለው ዓመት 2350 ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ስሕተቱ ራሱ አይደለም። ረቂቁ ሲዞር ጥያቄ ያነሡ ገምጋሚዎች ነበሩ፤ የጃፓን መንግሥት አንዱ ነው። ጥያቄያቸው ግን በአግባቡ አልተመለሰም። በ2009 መጨረሻ ሕንዳዊው የሥነ ምድር ባለሙያ ቪ. ኬ. ራይና የተለየ ነገር ሲጽፉ የፓነሉ ሊቀ መንበር ራጄንድራ ፓቻውሪ ጽሑፋቸውን የጥንቆላ ሳይንስ ብለው አጣጣሉት። ጥቂት ወራት ሳይሞላ፣ በጥር 2010፣ ፓነሉ አንቀጹ ስሕተት መሆኑን አመነ። በዚያው ዓመት በሃሮልድ ሻፒሮ የተመራ የሳይንስ አካዳሚዎች ኮሚቴ አሠራሩን መርምሮ ማሻሻያ አቀረበ። ከጎደሉት ነገሮች አንዱ የገምጋሚ አስተያየት በቁም ነገር መልስ እንዲያገኝ የሚያስገድድ ጠንካራ ሥርዓት ነው።

ከዚህ የወሰድኩት አለኝ። የገምጋሚው ብዛት ወይም የአርማው ትልቅነት ስለ ጥራት የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው። "ይህ ከየት መጣ?" ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ የሚያገኝበት መንገድ መኖሩ ነው ብዙ የሚነግረን። የሂማላያው ቁጥር የተያዘው ምንጩ ስለተጻፈ ነው። ክሩን ይዞ የሄደ ሰው እስከ 1999ኙ ዜና ድረስ ደረሰ። ምንጩን የደበቀ ሪፖርት ቢሆን ኖሮ እስካሁን እንጠቅሰው ነበር።

ሌላው ነገር ትንሽ ይወሳሰባል። ቁጥሩ በትክክል ተለክቶም ለሌላ ጥያቄ መልስ ተደርጎ ሊቀርብ ይችላል። የአፈራችን ጉዳይ እንዲህ ነው።

በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ጀመሩ፤ መሪው ሃንስ ሁርኒ ነበር። ጣቢያዎቹ ዛሬም በባለሙያው ዘንድ ስማቸው ይነሣል፦ ወሎ ማይባር፣ ሸዋ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም አንጀኒ፣ ሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ። ከተዳፋት ላይ ጠባብ መደብ ይከለላል፣ ከታች የሚወርደው ጎርፍ በገንዳ ይጠራቀማል፣ ደለሉ ይመዘናል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር። ይህ እውነተኛ ልኬት ነው፣ ክብር ይገባዋል። ከታረሰ መሬት በሄክታር በዓመት 42 ቶን ያህል አፈር ይታጠባል የሚለው የታወቀ ግምት የመጣው ከዚህ ሥራ ነው። በ1986 ደግሞ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የደጋውን መሬት ጥናት አወጣና በዓመት 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር ይሸረሸራል አለ።

አሁን ያንን 1.9 ቢሊዮን ተራ ሰው እንዴት ይሰማዋል? ወደ ሱዳንና ግብፅ የሄደ አፈር አድርጎ ነው። ጥናቱ ራሱ ግን ወንዝ ይዞት የሚሄደውና የማይመለሰው ከዚያ አንድ አሥረኛው ያህል ነው ይላል። ቀሪው ከላይኛው ማሳ ተነሥቶ ታችኛው ማሳ ላይ፣ ከተራራው ግርጌ፣ ሜዳው ላይ ይተኛል። ለላይኛው ገበሬ ጉዳት ነው፣ ይህ አያከራክርም። ለአገሪቱ ግን 1.9 ቢሊዮን ቶን ጠፋ ማለት አይደለም። ይህ ማስተካከያ በሰነዱ ውስጥ ተጽፎ ነበር። በመንገድ ላይ ወደቀ። ስብሰባ ላይ የደረሰው ትልቁ ቁጥር ብቻውን ነው።

በ1993 ሰትክሊፍ የተባለው ባለሙያ ሒሳቡን እንደገና ሠራው። በመሸርሸር የሚጠፋው ምርት ከተባለው በብዙ ያነሰ ሆነ። ይልቅ ከባድ ሆኖ ያገኘው ኩበቱና ገለባው ወደ ማሳ በመመለስ ፈንታ ወደ ምድጃና ወደ ከብት ሆድ ስለሚሄድ አፈሩ ንጥረ ነገሩን እያጣ መምጣቱን ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የዓለም ባንክ ባለሙያዎች ነገሩን ሲገመግሙ ወደዚሁ አዘነበሉ። የውሳኔውን ልዩነት ተመልከቱ። ዋናው ችግር መሸርሸር ከሆነ እርከን ትሠራላችሁ። ዋናው ችግር የኩበት መቃጠል ከሆነ ደግሞ የማገዶ ነገር ታስባላችሁ፤ ምድጃ፣ ማገዶ ዛፍ፣ ማዳበሪያ።

የተመረጠው እርከን ነው። በምግብ ለሥራ አንድ ሰው በቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት እየተከፈለው ተራራው ተሠራ። ሥራው ግዙፍ ነበር። በብዙ ደረቅ አካባቢ ጠቅሟል፤ የትግራይን ተራሮች ያየ ሰው ይህን አይክድም። ዝናብ በሚበዛበት እንደ ጎጃም ባለ አገር ግን ደለሉን የያዘው እርከን ውሃውንም ያዘው፤ ማሳው ላይ አቆረው። አይጥ ተራባበት። ጠባቡን ማሳ ይበልጥ አጠበበው፣ በሬ መጥመጃ አሳጣ። ገበሬው ይህን እያወቀ ዝም አለ፣ ስንዴው ያስፈልገዋልና። ደርግ ሲወድቅ ብዙ ቦታ እርከኑን አፈረሰው፣ በዘመቻ የተተከለውንም ዛፍ ቆረጠው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ገበሬውን ኋላ ቀር ብሎ ወቀሰው። እኔ ገበሬውን አልወቅስም። ከውሳኔው በፊት መጠየቅ የነበረበትን ጥያቄ በመጨረሻ በራሱ እጅ መለሰ።

ኔዘርላንዶች የዚህ ዓይነት መራራ ነገር ቀምሰዋል። በጥር 1999 በብሔራዊ የሕዝብ ጤናና የአካባቢ ተቋማቸው የሚሠራው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ሃንስ ደ ክዋድስተኒት ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ተቋሙ በሞዴል ላይ ተኝቷል፣ ልኬት አንሶታል አለ። ከሥራ ታገደ። ነገሩ ፓርላማ ደረሰ። ከዚያ ያደረጉት ግን ያስቀናል። በ2003 እርግጠኛ ያልሆነ ነገር እንዴት እንደሚመረመርና ለወሳኙ እንዴት እንደሚነገር የሚያሳይ መመሪያ አወጡ። በተገላቢጦሹ፣ "እዚህ ላይ አናውቅም" ብሎ የጻፈ ባለሙያ እንደ ሰነፍ የሚታይበት መሥሪያ ቤት ብዙ አይቻለሁ። አለቃ አንድ ቁጥር ይፈልጋል። "ከ8 እስከ 15 መካከል" ከተባለ "ታዲያ ስንት ነው?" ይላል። አማካሪውም ተለማምዶታል። አንድ ቁጥር ይሰጠዋል።

ደስ የሚለኝን ምሳሌ ደግሞ ልንገራችሁ፤ አገር ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት የደን መነሻ ደረጃዋን፣ ማለትም የወደፊቱ ለውጥ የሚነጻጸርበትን ልክ፣ አቀረበች። የደን ሽፋኑ 15.5 በመቶ ገደማ ነው ይላል። 3 በመቶ ሲባል ለኖረ ሰው ይህ ተአምር ይመስላል። ሰነዱ ግን ምን እንደሆነ ራሱ ይናገራል። የደን ትርጓሜው በ2015 ተቀይሯል። ደን ማለት ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሆነ፣ ዛፉ ወይም ቀርከሃው 2 ሜትርና ከዚያ በላይ ቁመት ያለው፣ ጥላው ቢያንስ 20 በመቶውን መሬት የሚሸፍን ነው። በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መለኪያ ቁመቱ 5 ሜትር፣ ጥላው 10 በመቶ ነበር። ትርጓሜው ሲቀየር የቆላው ጥቅጥቅ ቁጥቋጦና የቤኒሻንጉል ቀርከሃ ገቡ። የድሮው 3 በመቶ ደግሞ የሚቆጥረው ትልልቁን የደጋና የወይና ደጋ ጫካ ብቻ ነበር። ሰነዱ የሳተላይት ንባቡ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችልም ያስቀምጣል። አንባቢ ተከራክሮ ሊያሸንፈው ይችላል፣ መከራከሪያውን ራሱ አቅርቧልና። ጥሩ ሥራ የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

ከአረንጓዴ አሻራ በኋላ በመንግሥት በኩል የሚነገረው ሽፋን 23 በመቶን አልፏል። በየክረምቱ የሚተክለውን ሕዝብ አከብራለሁ፣ እኔም እተክላለሁ። ስለዚህ ነው ያንኑ ጥያቄ የምጠይቀው። በየትኛው ትርጓሜ? የተተከለው ነው የተቆጠረው ወይስ የጸደቀው? ስሕተቱ ወደ ላይና ወደ ታች ስንት ነው? መልሱ በአንድ ገጽ ቢወጣ ለተከለው ሰው ሁሉ ክብር ነው።

ወደ ዕለት ሥራዬ ልመለስ። በ1995 ዓ.ም. (በኛ አቆጣጠር) የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የጥናቱን ወጪ በፕሮጀክቱ ባለቤት ላይ ይጥላል። ባለቤቱ አማካሪ ይቀጥራል፣ አማካሪው ፕሮጀክቱ እንዲያልፍ ከሚፈልገው ሰው ክፍያውን ይቀበላል። መሥሪያ ቤቱ ሪፖርቱ በደረሰው በ15 የሥራ ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ሦስት መቶ ገጽ ሪፖርት፣ 15 ቀን፣ ጥቂት ሰው።

ስለዚህ ማጠቃለያውን መጀመሪያ አላነብም። ማጠቃለያ የተጻፈው እኔን ለማሳመን ነው። በቀጥታ ወደ ዘዴው እሄዳለሁ፦ መቼ ሄዱ፣ በየትኛው ወቅት፣ ስንት ቦታ ለኩ? ውሃ የለኩት በበጋ ብቻ ከሆነ ስለ ጎርፍ የተጻፈው ገጽ ውሃ አይቋጥርም። ከዚያ አንድ ቁጥር እመርጣለሁ። ብዙ ሳይሆን አንድ፣ ውሳኔው የተንጠለጠለበትን። እሱን እስከ ምንጩ እከተለዋለሁ። አንድ ጊዜ የቆላ ፕሮጀክት ሪፖርት ላይ የዕፅዋት ዝርዝሩን ሳይ የደጋ ዛፎቹን ኮሶና አስታን አገኘሁ። ግራር ባለበት አገር አስታ! ከሌላ ሪፖርት ኮፒ ፔስት ተደርጎ ነው። ያንን ካየሁ በኋላ የቀረውን ገጽ በምን ልመን?

መጨረሻ ላይ የማነበው አባሪውን ነው፤ የሕዝብ ውይይቱን ቃለ ጉባኤ። አዋጁ ሪፖርቱ ለሕዝብ ተደራሽ ይሁን፣ አስተያየትም ይሰብሰብ ይላል። ሪፖርቱ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ገበሬው አያነበውም። ቃለ ጉባኤው ብቻ በአማርኛ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ የቀበሌው ማኅተም ተደርጎበት፣ ስካን ሆኖ ይገባል። አብዛኛው አንባቢ ያልፈዋል። አንድ የመንገድ ሥራ ሪፖርት ዋናው ክፍሉ ላይ "ማኅበረሰቡ ፕሮጀክቱን ሙሉ በሙሉ ይደግፋል" ይላል። ቃለ ጉባኤው ላይ አንድ አባት የተናገሩት ተጽፏል፦ "መንገዱ ይምጣ እንወዳለን፤ ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሸለቆ በሐምሌ ሲሞላ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ መንገዱ ከዘጋው ውሃው እኛ ቤት ነው የሚገባው።" የሪፖርቱ የጎርፍ ምዕራፍ ይህን ሸለቆ ጭራሽ አያውቀውም። ካርታው ላይም የለም።

አስተያየቴ ላይ የእሳቸውን ንግግር እንዳለ ገለበጥኩትና ለአማካሪው መልስ እንዲሰጥበት ጻፍኩ። የምህንድስና ቡድኑ በክረምት ተመልሶ ሄደ። በተሻሻለው ዲዛይን ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች አንድ ሰፊ የውሃ ማሳለፊያ ተጨመረ፤ ከጎኑም ምንጩ ተጽፏል፦ የሕዝብ ውይይት ቃለ ጉባኤ፣ ገጽ 4።